አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይበላሻል፦ ስለ ሪግሬሽን ቴስት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። "የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰበስብ ሲስተም በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ብቸኛዋ ቴስተር ነኝ። አራት ዴቨሎፐሮች አሉ። ኤክሴል ላይ 340 ቴስት ኬዝ (አንድ በአንድ የሚሞከር የፍተሻ ዝርዝር) አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ አርብ አዲስ ቨርዥን ሪሊዝ እናደርጋለን። 340ውን በእጄ ለመጨረስ ሦስት አራት ቀን ይፈጅብኛል። እንዲያም ሆኖ አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይበላሻል፤ የሚነግረን ደግሞ ደንበኛ ነው። አለቃዬ 'ሁሉንም አውቶሜት አድርጊው' አለኝ። ዴቨሎፐሮቹ 'የነካነው አንድ መስመር ነው፣ እሱን ብቻ እዪው' ይላሉ። የማንን ልስማ?"

የማንንም።

አለቃሽ ያለው ነገር ወራት ይበላል፣ ውጤቱም እንዳሰበው አይሆንም። ዴቨሎፐሮቹ የሚሉት ደግሞ አሁን ያላችሁበት ችግር ራሱ ነው። ከእነሱ ልጀምር፤ አባባላቸው ለጆሮ ስለሚጥም ብዙ ሰው ያሳምናል።

"አንድ መስመር" ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል በስልክ ቁጥር ላሳይሽ። ለዓመታት የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ማለት በ09 የሚጀምር አሥር ዲጂት ነበር። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ሲጀምር 07 መጣ። እንግዲህ ቁጥር የሚያጣራው ኮድ መታረም አለበት። ዴቨሎፐሩ ይከፍተዋል። ሬጀክሱ፣ ማለትም የቁጥሩን ቅርጽ የሚገልጸው ቀመር፣ "በ09 ጀምር፣ ከዚያ 8 ዲጂት፣ እዚያ ላይ ጨርስ" ይላል። 09 አጠገብ ያቺን "ወይም" የምትለዋን ቀጥ ያለች ምልክት ይጨምርና 07 ይጽፋል። ቅንፍ ግን አላደረገበትም።

ቅንፉ ከሌለ ኮምፒውተሩ "09 ወይም 07፣ ከዚያ 8 ዲጂት" ብሎ አያነበውም። የሚያነበው "በ09 የሚጀምር ማንኛውም ነገር፣ ወይም በ07 እና በ8 ዲጂት የሚያልቅ ማንኛውም ነገር" ብሎ ነው። ቴስተሯ አንድ የ07 ቁጥር ታስገባለች። ያልፋል። "ተስተካክሏል" ብላ ትዘጋዋለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በ09 የጀመረ ሁሉ ያልፋል። አንድ ዲጂት የጎደለው፣ ሁለት ዲጂት የተረፈው፣ መሃሉ ላይ ፊደል የገባበት፣ ሁሉም። ትናንት "ቁጥሩ ልክ አይደለም" ተብሎ ይመለስ የነበረው ዛሬ ሰተት ብሎ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ጉዱ የሚታወቀው ወር ሞልቶ "መልእክት አልደረሰኝም፣ ቅጣት ግን ተጠየቅሁ" የሚል ወላጅ ሲደውል ነው። ያኔ ኮዱን ማረም ብቻ አይበቃም፤ የተበላሸውን ዳታም ማጽዳት አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ተቀላቅሏል። የ07 ቁጥር ይገባል ወይ ብሎ ማየት ጥገናውን ማረጋገጥ ነው። ሪቴስት ይሉታል። የ09 ቁጥር ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው ወይ፣ የተሳሳተውስ ዛሬም ይመለሳል ወይ ብሎ ማየት ነው ሪግሬሽን ቴስት። ያኛው የሚጠይቀው ስለተነካው ነው። ይኸኛው ስላልተነካው፣ በትክክል ለመናገር፣ አልተነካም ስለተባለው። ዴቨሎፐሮቹ "እሱን ብቻ እዪው" ሲሉሽ ሁለተኛውን ተዪው ማለታቸው ነው፤ የእናንተ ደንበኞች የሚደውሉት ግን በሁለተኛው ምክንያት ነው።

ነገሩ የትልልቆቹም በሽታ ነው። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ነበር። ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ገበያ የሚልክ ሶፍትዌር ነበረው። በውስጡ ፓወር ፔግ የሚባል ክፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጠቀም አቆሙ። ኮዱን ግን አላወጡትም። በ2005 ደግሞ "እስካሁን ስንት አክሲዮን ተገዛ፣ ይበቃል ወይ?" እያለ የሚቆጥረውን ኮድ ከነበረበት ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ፓወር ፔግ ከዝውውሩ በኋላ በትክክል ይሠራ እንደሆነ ግን መልሰው አልፈተሹም። ማን ይጠቀምበታል ብለው ይሆናል።

ሰባት ዓመት ምንም አልሆነም። በ2012 ለአዲስ አገልግሎት አዲስ ኮድ ጻፉ፤ ድሮ ፓወር ፔግን ያስነሳ የነበረውን ፍላግ (የማብሪያ ምልክት) ለአዲሱ ሥራ መልሰው ተጠቀሙበት። ሰርቨሮቹ 8 ነበሩ። አዲሱ ኮድ በ7ቱ ላይ ተጫነ፤ በ8ኛው ላይ ተረሳ። ኦገስት 1 ጠዋት ገበያው ሲከፈት 8ኛው ሰርቨር ላይ የሞተው ኮድ ነቃ። የሚቆጥርለት ስለሌለ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። መሃል ላይ ሲደናገጡ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነበት ከ7ቱ ሰርቨር ላይ አነሱት፤ ያኔ እነሱም የድሮውን ኮድ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በዓመቱ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣቸው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የተረሳው ሰርቨር ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። ልክ ነው፣ ግን ለእኔ ዋናው ነገር ያለው 2005 ላይ ነው። አንድ ቆጣሪ ቦታ ቀየረ፤ ቆጣሪውን ይጠቀም የነበረው ሁሉ ዳግም አልታየም። ያ ነው የእናንተም ጉዳይ። ስለዚህ "አንድ መስመር ነው" ሲሉሽ መልስሽ "መስመሯን ማን ማን ነው የሚጠራት?" ይሁን። አብዛኛው የዘመኑ ኮድ መጻፊያ ይህን በአንድ ክሊክ ያሳያል። ፈንክሽኗን (መስመሯ ያለችበትን የኮድ ቁራጭ) ሦስት ቦታ የሚጠራት ካለ ሦስቱም ቦታ ይፈተሻል። የስልክ ማጣሪያዋን ምዝገባው፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያውና የክፍያ ጥያቄ መላኪያው የሚጠሯት ከሆነ ምዝገባውን ብቻ አይቶ መዝጋት የለም።

ወደ አለቃሽ ልምጣ። "ሁሉንም አውቶሜት አድርጊው" የሚለው ሐሳብ ችግሩ "ሁሉንም" ላይ ነው። 340ው መስመር የተጻፈው ሰው ስክሪን እያየ እንዲከተለው ነው። "ሎግኢን አድርጊ፣ ሜኑ ክፈቺ፣ ሴቭ ተጫኚ፣ አረንጓዴ መልእክት ይታያል።" ይህን እንዳለ ወደ ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ ራሱ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ) ብትገለብጪው 340 ስክሪን የሚከፍት፣ ለሰዓታት የሚሮጥ፣ አንድ የበተን ስም በተቀየረ ቁጥር በደርዘን የሚወድቅ ነገር ታገኛለሽ። ከዚያ በኋላ ሥራሽ ሶፍትዌሩን መፈተሽ መሆኑ ይቀርና ስክሪፕት መጠገን ይሆናል። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ "አውቶሜሽን ለእኛ አይሆንም" የሚለው።

ኤክሴሉን ለጊዜው ዝጊው። በምትኩ የባግ፣ ማለትም የስህተት፣ መዝገባችሁን ክፈቺ። ጂራ የሚባለው የሥራ መከታተያም ይሁን ቴሌግራም ግሩፕ፣ የትም ይሁን። ያለፈውን አንድ ዓመት እዪና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ "ይህ ነገር ከዚያ በፊት ይሠራ ነበር?" መልሱ አዎ የሆነውን ሁሉ ለዪው። ዝርዝሩ ከምታስቢው አጭር ነው የሚሆነው። ተመሳሳይ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል። ደረሰኝ፣ ቅጣት ስሌት፣ የወንድማማቾች ቅናሽ፣ ቀን። የመጀመሪያው የሪግሬሽን ስብስብሽ ይኸው ነው። ሲስተማችሁ የት የት ላይ ደካማ እንደሆነ ራሱ ነግሮሻል፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ የትም አታገኚም።

ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሕግ አውጡ። ባግ ተስተካክሏል የሚባለው ያንን ባግ የሚይዝ ቴስት አብሮ ሲገባ ነው። ቴስት የሌለው ጥገና ከዋናው ኮድ ጋር አይቀላቀልም። ሕጉ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ ታውቂዋለሽ፤ አንድሮይድ ስልክሽ ውስጥ አለ። እነሱ ዘንድ አንድ ባግ ሪፖርት ሲደረግ፣ ባጉን የሚያሳይ ቴስት እስኪጨመር ድረስ እንደታረመ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ 3.42 ቨርዥን ላይ የቴስት ኮዳቸው ከሶፍትዌሩ ኮድ 590 እጥፍ ይበልጥ ነበር። እናንተ እዚያ መድረስ አይጠበቅባችሁም። ሕጉ ግን ለአራት ዴቨሎፐርም ይሠራል።

አንዴ የታረመ ባግ ተመልሶ አይመጣም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ኦፕንኤስኤስኤችን ውሰጂ፤ ሊኑክስ ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የምንገባበት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘበትና ተደፈነ። በ2020 ኦክቶበር ኮዱን ሲያስተካክሉ ያቺ ቀዳዳዋን የደፈነችው የኮድ መስመር በስህተት ተነሳች። በ2021 በወጣው 8.5 ቨርዥን ላይ ቀዳዳው ተመልሶ ገባ። ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አግኝቶ ይፋ ያደረገው በጁላይ 2024 ነው። በዓለም ላይ ካሉት በጥንቃቄ ከሚጻፉ ፕሮግራሞች አንዱ ላይ ነው ይህ የሆነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ያ ባግ በተራ ቴስት የሚያዝ አልነበረም። የማይክሮ ሰከንድ ሽሚያ ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ቅጽበት ሲጋጠም ብቻ ነው የሚታየው። ኳሊሶች ራሳቸው እሽቅድምድሙን አንዴ ለማሸነፍ በአማካይ 10 ሺህ ያህል ሙከራ አስፈልጓቸዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ ቢያንስ መስመሯ አጠገብ "ይህን አታንሱ፣ በዚህ ባግ ምክንያት ነው የገባው" የሚል ኮሜንት ይቀመጥ። ርካሽ ነው፣ ግን ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣውን አዲስ ልጅ ያስቆመዋል።

አሁን ቴስቱን መጻፍ ላይ እንምጣ። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። ቴስቱ ቀይ ሲሆን በዓይንሽ እዪው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ባጉ ገና ሳይታረም ቴስቱ ይጻፋል። ይሮጣል፤ ይወድቃል። ጥገናው ይገባል። ቴስቱ ያልፋል። ጥገናው ቀድሞ ገብቶ ከሆነም ችግር የለም። ጥገናውን ለአፍታ አንስተሽ ቴስቱን አሩጪው፤ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ቴስቱ ባዶ ነው።

ባዶ ቴስት ደግሞ ከምትገምቺው በላይ ብዙ ነው። በስልክ ቁጥሩ ምሳሌ ልሂድ። "አንድ የ09 ቁጥር ይገባል" የሚል ቴስት ቢኖር ያንን የቅንፍ ስህተት ይይዘው ነበር? አይይዘውም። ትክክለኛው የ09 ቁጥር ከስህተቱ በፊትም በኋላም ያልፋል። የሚይዘው "9 ዲጂት ያለው የ09 ቁጥር ይመለሳል" የሚለው ነው። ማለትም ሲስተሙ እምቢ ማለት ያለበትን ነገር የሚሞክር ቴስት። በእጅ ስንፈትሽ ሁላችንም የሚሠራውን መንገድ ነው የምንሄደው። ኤክሴልሽን ገልብጠሽ ብታዪው አብዛኛው ኬዝ "ይገባል፣ ይታያል፣ ይቀመጣል" እንደሚል እወራረዳለሁ። "አይገባም፣ አይታይም" የሚለው ጥቂት ነው። ሪግሬሽን የሚደበቀው ግን እዚያ ነው። ገጹ መከፈቱን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ቴስትም እንዲሁ ነው፤ ገጹ ተከፍቶ ውስጡ የተጻፈው ብር የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ከባግ መዝገቡ ቀጥሎ የገንዘቡን መንገድ ተከተዪ። ወላጅ ይመዘገባል፣ ሂሳብ ይወጣል፣ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ሪፖርት ላይ ይደመራል። ይህ መንገድ ቢሰበር ሌላው ሁሉ ቢሠራም ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ለእናንተ ሲስተም ቢቀሩ የምቆጭባቸውን ልጥቀስ።

ክፍያ ሲፈጸም የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ለእናንተ ሰርቨር "ተከፍሏል" የሚል መልእክት ይልካል። የእናንተ ሰርቨር ቶሎ ካልመለሰ ያው መልእክት ድጋሚ ሊመጣ ይችላል። ቴስቱ ቀላል ነው። ያንኑ መልእክት፣ ያንኑ የግብይት ቁጥር ይዞ ሁለቴ ላኪ። ቀሪ ሂሳቡ አንዴ ብቻ መቀነስ አለበት፤ ደረሰኙም አንድ ብቻ። ሲስተማችሁ ዛሬ ይህን በትክክል ያደርግ ይሆናል። ግን አንድ ቀን አንዱ ዴቨሎፐር "ይህ ማጣሪያ ፍጥነት ይቀንሳል" ብሎ ሊያነሳው ይችላል፤ ቴስቱ ለዚያ ቀን ነው።

ቀን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው የሚቆጥሩት፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። የክፍያ ማብቂያው ትናንት ቢሆንና አንድ ወላጅ ዛሬ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቢከፍል፣ ለሰርቨሩ ገና የትናንት ማታ 4 ሰዓት ነው። ቅጣቱ ላይታሰብ ነው። የዕለቱ ድምርም ከባንኩ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ጳጉሜ አለች። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ነበራት። የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ኮዱ ውስጥ "መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው" ብሎ የጻፈ ሰው ለሦስት ዓመት ትክክል ይሆንና በአራተኛው ይሳሳታል። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 የ2019 ነው። እስከዚያ መጠበቅ የለብሽም፤ ቴስቱ ውስጥ ሰዓቱን እዚያ ቀን ላይ አቁመሽ ዛሬ ማሮጥ ትችያለሽ። ዴቨሎፐሮቹ "የዛሬ ቀን"ን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ መውሰድ ትተው ከውጭ እንዲቀበሉ ማድረግ አለባቸው። ይህን አንዴ ካስተካከሉት የቀን ቴስት እዳው ገብስ ነው።

ሌላው የስም ፍለጋ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ፀሐፊዋ በአንዱ ፈልጋ በሌላው የተመዘገበውን ልጅ ማግኘት አለባት። ስለዚህ ብዙ ሲስተም ፊደሎቹን ወደ አንድ ይጠቀልላል። ሪግሬሽኑ የሚመጣው አንዱ ዴቨሎፐር ያንን መጠቅለያ ከፍለጋው ቦታ ወደ ማስቀመጫው ቦታ ሲያዛውረው ነው። ፍለጋው ይሠራል፣ እንዲያውም ይፈጥናል፣ ሁሉም ይደሰታል። ደረሰኝ ላይ ግን የልጁ ስም ወላጁ ባልጻፈው ፊደል ይወጣል። የትራንስክሪፕት ስምና የልደት ካርድ ስም አልገጥም ሲል ምን ዓይነት መከራ እንደሚመጣ ለኢትዮጵያዊ አልነግርም። ቴስቱ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ በየትኛውም ፊደል ሲፈለግ ይገኛል ወይ፣ የተቀመጠው ስም እንደተጻፈው ነው ወይ።

ልብ ብለሽ ከሆነ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ስክሪን አይፈልግም። ቅጣት ስሌት፣ የስልክ ማጣሪያ፣ የቀን ለውጥ፣ እነዚህ አንድ ቁራጭ ኮድ ለብቻው የሚፈተሽባቸው ዩኒት ቴስት ናቸው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቢሆኑ እንኳ በሰከንዶች ያልቃሉ። ድርብ ክፍያውና ስም ፍለጋው በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት በር፣ ይፈተሻሉ። በስክሪን፣ ማለትም ብራውዘሩን በራሳቸው በሚያንቀሳቅሱት በፕሌይራይት ወይም በሳይፕረስ፣ የምታሮጪው በጣት የሚቆጠር ይሁን። ወላጅ ገብቶ ይከፍላል፣ ካሸሯ ገብታ ሪፖርት ታወጣለች፣ ዳይሬክተሩ ገብቶ ያያል። በቃ። የዩኒት ቴስቶቹን የሚጽፉት ዴቨሎፐሮቹ ናቸው። አንቺ የምትጨምሪው "ይህንንስ ሞክራችኋል?" የሚለውን ነው። አራት ሰው የሚሰብረውን አንድ ሰው ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም፤ ይህን ለአለቃሽ በግልጽ ንገሪው።

ቶሎ የሚያልቁት ቴስቶች ኮድ በተላከ ቁጥር ይሩጡ። ጊትሃብም ጊትላብም (ኮድ የሚቀመጥባቸው አገልግሎቶች) ይህን በራሱ እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል። ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይፈጅ ግን ጠብቁት። ካለፈ ሰው መጠበቅ ያቆማል፣ ካቆመ ደግሞ ማየትም ይተዋል። የስክሪኖቹና የረጃጅሞቹ ቴስቶች ሌሊት ይሩጡ።

አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ሲገጥምሽ ጨክኚ። ፍሌኪ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ መንስኤው የታወቀ ነው። "ሦስት ሰከንድ ጠብቅ" ብሎ የተጻፈ ስክሪፕት ኔትወርክ በዘገየ ቀን ይወድቃል፤ ሰከንድ መቁጠሩን ትቶ የሚፈለገው ነገር እስኪታይ መጠበቅ አለበት። ወይም ሁለት ቴስቶች አንድ ተማሪ ላይ ይሠራሉና አንዱ የሌላውን ዳታ ያጠፋበታል። ወይም ቴስቱ የክፍያ ድርጅቱን የሙከራ ሰርቨር በቀጥታ ይጠራል፤ እሱ ደግሞ ሲያሻው ይተኛል። እንዲህ ዓይነቱን በዚያው ቀን ከዋናው ስብስብ አውጪውና ባለቤት ስጪው። አደገኛው ነገር "እሱ እንዲሁ ነው፣ እንደገና አሩጪው" የሚል ልማድ ነው። እውነተኛው ባግ ሲመጣም ሰው ያንኑ ነው የሚለው። ናይት ካፒታል ውስጥ ያን ጠዋት ገበያው ከመከፈቱ በፊት ፓወር ፔግን የሚጠቅሱ 97 የስህተት ኢሜይሎች ለሠራተኞች ተልከው ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም።

አንድ ነገር ተበላሽቶ መቼ እንደተበላሸ ሳይታወቅ ሲቀርስ? የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ጊት ባይሴክት የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ሰው ያለመጠቀሙ ይገርመኛል። "ባለፈው ወር ሪሊዝ ላይ ይሠራ ነበር፣ ዛሬ አይሠራም" ብለሽ ሁለቱን ጫፍ ትነግሪዋለሽ። መሃል ላይ ያለውን ኮሚት (አንድ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ያወጣልሻል። ይሠራል ወይስ አይሠራም ትይዋለሽ። ግማሹን ጥሎ እንደገና መሃሉን ያወጣል። 128 ኮሚት ቢኖር በ7 ዙር ጥፋተኛዋን ኮሚት ይይዛታል፤ ሺህ ቢሆን 10 ዙር ቢፈጅ ነው። ቴስት ካለሽ ደግሞ ቴስቱን ራሱ እያሮጠ ያለ አንቺ ያገኘዋል። "ማን ነው ያበላሸው?" የሚለው የስብሰባ ጭቅጭቅ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ሥራ ይዘጋል።

ያ 340 መስመር ኤክሴል አይጣልም፣ ግን ይራገፋል። ቴስት የተጻፈለትን ሰርዢ። ወድቆ የማያውቀውን፣ ኮዱም ያልተነካውን በሩብ ዓመት አንዴ እዪው። ሁለት ጊዜ የተጻፈም መኖሩ አይቀርም፤ አጥፊው። የተረፈሽን ጊዜ ማሽን የማይሠራው ላይ አውዪው። ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ ክፈቺው። ኔትወርኩን ቀንሰሽ ክፈዪ። ክፍያው መሃል ላይ እያለ ስልኩን አጥፊው። በአማርኛ ኪቦርድ ረጅም ስም ጻፊ። እነዚህን ማንም አስቀድሞ ኬዝ አድርጎ አይጽፋቸውም፤ ባግ ግን ሁልጊዜ አለባቸው። ያገኘሽው ባግ ደግሞ ተመልሶ ቴስት ይሆናል።

አለቃሽ በወሩ "ስንት ኬዝ አውቶሜት ሆነ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያንን ቁጥር አትስጪው፤ አንዴ ከሰጠሽው በየወሩ እንዲያድግ ይፈልጋል፣ አንቺም ለቁጥር ብለሽ ባዶ ቴስት መጻፍ ትጀምሪያለሽ። ሌላ ቁጥር አሳዪው፦ በዚህ ወር ደንበኛ ደውሎ የነገራችሁ፣ ከዚያ በፊት ግን ይሠራ የነበረ ስንት ነገር ነበር? ያ ከወር ወር ከቀነሰ ሥራው እየሄደ ነው። ካልቀነሰ ደግሞ የቴስቱ ብዛት ሺህ ቢደርስም የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያላችሁት ማለት ነው።

አርቡን በተመለከተ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሪሊዙን ወደ ማክሰኞ ጠዋት አዛውሩት። አርብ ማታ የተሰበረ ክፍያ ቢሮ ውስጥ የሚታየው ሰኞ ነው፤ ወላጆች ግን ቅዳሜና እሁድም በስልካቸው ይከፍላሉ። ከማክሰኞው በፊትም አንድ ቀን መድቡና ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለስን ስቴጂንግ (የራሳችሁ የሙከራ ሰርቨር) ላይ ሞክሩት፤ አዲሱ ቨርዥን ዳታቤዙን ከቀየረው በኋላ የድሮው ኮድ አሁንም ይነሳ እንደሆነ እዩ።